ቢጫ ወረቀት ያለባቸው ሳጥኖች

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ባልዲ ይዞ ደረጃ መውጣቱን ተውሽው ወይስ እንደ ልማድሽ "እሺ" ብለሽ ቀጠልሽበት? እማማን ሳሉ ለቀቃት? ባልሽ ጋሼ ልብስ ሲሰፋ በመርፌ ቀዳዳ ፍለጋ ዓይኑን ሲያጨናብስ እንዳይውል መነጽሩን ለወጠ? የልጅሽ የሚጢ ጭንስ በደንብ ገጠመ? እኔ ለጤናዬ ምንም አልልም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ ገብቼ እወጣለሁ። ከጤና ውጭ ያለው ግን ደህና አይደለም። ዛሬ በዕረፍት ቀኔ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ክፍሌን ዘግቼ ወረቀት የያዝኩት ለዚያ ነው።

የእኔ ደብዳቤ ሲደርስ እማማ አልጋ ጥግ ተሰብስባችሁ ሚጢ ጮክ ብላ እንደምታነብላችሁ አውቃለሁ። ከቤቱ ሰው ንባብ የሚቀናት እሷ ናት። ይህን ግን እንዳትሰጫት። መጀመሪያ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ከዚያ ለማን ምን እንደምትነግሪ አንቺ ታውቂያለሽ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እትዬ፣ እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። "የመድኃኒት ምርምር ቤት ገባሁ" ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት አይደለም፤ ገብቻለሁ፤ ዘበኛውም ገብቷል። አንቺ ለጎረቤት ነገርሽ፣ ጎረቤት "ዶክተሩ" አለኝ፣ እናንተም እየሳቃችሁ ተቀበላችሁት። ውሎ አድሮ ሳቁ ቆመና ስሙ ብቻ ቀረ። አንድ ቀን እንኳ "ኧረ አይደለሁም" አላልኩም። ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራዬ የአይጦች ሳጥን ማጽዳት ነው። ምድር ቤት ውስጥ መስኮት የሌለው ክፍል አለ። ጠዋት ሰማያዊ ቱታ እለብሳለሁ፣ ቆብና ጓንት አደርጋለሁ፣ ጫማዬን በላስቲክ እሸፍናለሁ። መደርደሪያው ላይ አርባ የፕላስቲክ ሳጥኖች አሉ፤ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት አይጦች። የቆሸሸውን ሰጋቱራ እደፋለሁ፣ ሳጥኑን አጥባለሁ፣ አዲስ ሰጋቱራ እነሰንሳለሁ፣ የውኃ ጠርሙሱን እሞላለሁ፣ አይጦቹን እመልሳለሁ። አብሮኝ የሚሠራው አንድ ሽማግሌ ነው፤ ሻምበል እንለዋለን። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ በር ላይ ቆሞ ጓንታችንን እያየ ስለሚቆጣ የወጣለት ስም ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ጡረታ ይወጣል።

አይጦቹ እንደ ሚጢ ናቸው። በዘር የተላለፈ በሽታ አለባቸው፤ አጥንታቸው ይሰበራል። አንዳንዶቹ ከእናታቸው ሆድ ሳይወጡ የጎድን አጥንታቸው ተሰብሮ ይወለዳሉ። መጀመሪያ ባየኋቸው ቀን አባታችን ትዝ አለኝ፤ ያ የዓይኑ ነጭ ሰማያዊ የነበረው፣ እጁ ተጣሞ የቀረው። አንቺም በልጅነትሽ ሁለቴ ተሰብረሽ "ዝርክርክ" ተብለሽ ተገርፈሻል። እኔ ብቻ ከዛፍም ከጣሪያም እየወደቅሁ አንድ ጥፍር ሳይነቃነቅብኝ አደግሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሻምበልም፣ ምርምሩን ለምትመራው ዶክተርም። ቤተሰቤ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ አለች ብል ከዚያ ክፍል የሚያወጡኝ መሰለኝ። ባወጡኝ ኖሮ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከሳጥኖቹ ግማሾቹ ላይ ቢጫ ወረቀት፣ ግማሾቹ ላይ አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፏል። አንደኛው ወገን በየሳምንቱ አዲሱን መድኃኒት ይወጋል፤ ሌላኛው የጨው ውኃ ብቻ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚወጋውም፣ የምናጸዳውም፣ ራጅ የሚያነሳውም አናውቅም። መልሱ በታሸገ ፖስታ ሆኖ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ተቆልፎበታል። እኛ ያለብን ሕግ አንድ ነው፤ በሩ ላይ ተጽፏል፤ ሻምበልም እንደ ጸሎት ይደግመዋል፤ ለአንዱ ያደረግከውን ለሁሉም አድርግ። የጭራዋን ሥር በሁለት ጣት ትይዛለህ፣ በሌላው መዳፍ ሆዷን ትደግፋለህ፣ ታነሳለህ፣ ታስቀምጣለህ። ቢጫም ቢሆን አረንጓዴም ቢሆን።

ከቢጫዎቹ አንዷ የግራ እግሯ ወደ ውጭ የጎበጠ ነበር፤ ልክ እንደ ሚጢ። ስትሄድም እንደ እሷ ነው፤ ቀኙን ታስቀድምና ግራውን ትጎትታለች። እሷን በጭራዋ ማንሳት አልቻልኩም። ካርቶን ጠቅልዬ እንደ ቱቦ አድርጌ አስቀመጥኩላት፤ ራሷ ትገባለች፣ በካርቶኑ ይዤ አዛውራታለሁ። ምግባቸው የሚቀመጠው በሳጥኑ የሽቦ ክዳን ላይ ነው፤ በኋላ እግራቸው ቆመው፣ አንዳንዴም ሽቦው ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚበሉት፤ ይወድቃሉ። ለእሷ ምግቡን በውኃ አርሼ ሳጥኑ ወለል ላይ አደረግሁላት። ሰጋቱራውንም እጥፍ። ከዚያ አብረዋት ላሉት ሁለቱ፤ ከዚያ ለጎረቤት ሳጥን። በወሩ ቢጫዎቹን ሁሉ እንዲሁ አደርጋቸው ነበር።

ለምን ቢጫዎቹን ብቻ ብትይኝ፣ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበረኝ። ቢጫዎቹ መድኃኒት የሚወጉት ናቸው ብዬ ወስኜ ነበር። ፀጉራቸው የሚያብለጨልጭ፣ ሰውነታቸው የሞላ መስሎ ታየኝ። ማን ነገረህ? ማንም። ያቺ ጎባጣ ከዚያ ወገን ስለሆነች መድኃኒቱም ከዚያ ወገን እንዲሆን ፈለግሁ፤ ይኸው ነው። መድኃኒቱን ማገዝ መሰለኝ። ሕፃን ሲሄድ ከኋላው እጅ እንደመዘርጋት ያለ ነገር።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዕሩን ሁለቴ አስቀምጬ አነሳሁት። ቢጫዎቹ ላይ ያጠፋሁትን ጊዜ ከአረንጓዴዎቹ ቆረጥኩ። እነሱን እያጣደፍኩ ነበር የማነሳው። አንድ ቀን አንዷን ሳወጣ ጣቴ ሥር ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ እንደ ክብሪት እንጨት። መመዝገብ ነበረብኝ። ሻምበል ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠርሙስ ይሞላ ነበር። አይጧን ሰጋቱራው ላይ አስቀምጬ ክዳኑን ዘጋሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን "ድንገት ነው" እልሽ ነበር። የሰማሁት ሦስት ጊዜ ነው፤ ያልሰማሁትን አላውቅም።

በየሁለት ሳምንቱ በማደንዘዣ አስተኝተው ራጅ ያነሷቸዋል፤ አዲስ ስብራት ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። በአራተኛው ወር መጨረሻ ከቢጫው ወገን ዘጠኝ፣ ከአረንጓዴው ሠላሳ አንድ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ እንባ መጣብኝ። በዚያው ቀን ነው ያንን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ። "መድኃኒቱ ሠርቷል፣ ዶክተሯ በአፏ ነግራኛለች፣ ከእንግዲህ ልጆች ዘንድ እስኪደርስ የወራት ጉዳይ ነው" ብዬሻለሁ። ዶክተሯ ምንም አልነገረችኝም እትዬ። እስከዚያ ቀን ድረስ "ደህና ዋልክ" ከማለቷ በቀር ከእሷ ጋር ያወራሁት "የትኛው መደርደሪያ ነው?" የሚል ጥያቄ ብቻ ነበር። የወራት ጉዳይ የሚለውንም ከሆዴ ነው ያመጣሁት። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሉት ተረት የእኔ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ወተቷን ለልጅሽ ቃል መግባቴ ነው።

ከዚያ የድምፅ መልእክትሽ መጣ። ስንቴ እንደሰማሁት አትጠይቂኝ። የአጥንት ሐኪሙ ጭኗ ውስጥ ብረት አስገብቶ እግሯን ሊያቀና የቀጠረላትን ቀን እንደመለስሽ ነገርሽኝ። "ወንድሜ መድኃኒቱ ያለበት ቤት ነው የሚሠራው፣ ብረቱ ይቅርብን አልኩት" አልሽ። ሐኪሙም ቀና ብሎ አይቶሽ "እንግዲያው ወንድምሽ ያክማት" ብሎሽ፣ አንቺም "ያክማታል!" ብለሽው መውጣትሽን እየሳቅሽ አጫወትሽኝ። ሐሳብሽን ከለወጥሽ እስከ ሰኔ ማብቂያ ተመለሺ፣ ከዚያ ወዲያ ተራው ለሌላ ሰው ይሄዳል ማለቱንም ነገርሽኝ፤ እንደማያስፈልግሽ ነገር አድርገሽ፣ መጨረሻ ላይ። እኔ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።

መልእክትሽ በደረሰኝ ሳምንት ሥራው አለቀና አይጦቹ ተገደሉ። ይህ የሥራው መጨረሻ ነው፤ ሁሌም እንዲሁ ነው፤ እግራቸው ወጥቶ አጥንቱ ማሽን ላይ ይታጠፋል፣ በስንት ጫና እንደሚሰበር ይለካል። የጎባጣዋም ተለካ። ከመቶ ሃያው ሁሉ ባነሰ ጫና የተሰበረው የእሷ ነበር። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ፖስታው ገና ሳይከፈት።

ፖስታው ሲከፈት ቢጫው የጨው ውኃ ነበር።

ዶክተሯ ሁላችንንም ሰበሰበችን። ቀጭን ሴት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። "መድኃኒቱን የወሰዱት አጥንታቸው ማሽን ላይ ጠንክሯል፤ ሳጥን ውስጥ ግን ከሌሎቹ በሦስት እጥፍ ተሰብረዋል። ወይ ማሽኑ ዋሽቷል ወይ ሳጥኑ" አለች። ዓይኗ ዞሮ ዞሮ የሻምበል እጅ ላይ አረፈ። የሻምበል እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሁላችንም እናውቃለን፤ "ሻምበል፣ ከአይጦቹ ጋር ትጨፍራለህ እንዴ?" እያልን እንስቅበታለን። እሱም አየና እጆቹን ወደ ኋላ አደረገ። "እኔ እሆናለሁ የሰበርኳቸው" አለ። "ሽማግሌ ነኝ፣ እጄን አላምነውም። ሌላ ቦታ አድርጉኝ፤ ብቻ አታባርሩኝ" አለ። ከጎኑ ነበርኩ እትዬ። ትከሻችን ይነካካ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሰላም እያለኝ ሰላም እያልኩት ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሯ ክፍል ገባሁ። "ማን ያውራ የነበረ" ይባል የለ፤ ሁሉንም አወራኋት። ካርቶኑን፣ የራሰውን ምግብ፣ ቀጭ ያለውን። አልተቆጣችም። ወረቀት ሰጠችኝና "የትኛው ሳጥን፣ ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ምን ምን፤ ቁጭ ብለህ ጻፈው" አለችኝ። አራት ገጽ ጻፍኩ። አንብባ ስትጨርስ፣ መድኃኒቱ ምናልባት ደህና መድኃኒት እንደሆነ፣ ግን በዚህ ሥራ ማንም ሊያምነው እንደማይችል፣ አዲስ አይጦች ተራብተው ከመጀመሪያው እንደሚጀመር፣ ቢያንስ አንድ ዓመት እንደሚፈጅ ነገረችኝ። ለሚጢ የጓጓሁለትን መድኃኒት በገዛ እጄ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ጎተትኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ "ለምን ግን ለቢጫዎቹ?" አለችኝ። የእህቴ ልጅ አልኳት። ዕድሜዋን ጠየቀችኝ፤ ዘጠኝ አልኳት። የትኛው አጥንቷ፣ ስንቴ፣ ብረት ገብቶላታል ወይ? ቀጠሮ ነበራት፣ እህቴ በእኔ ቃል መለሰችው አልኳት። ያኔ ጮኸች። ለአይጦቹ አልጮኸችም፣ ለወራት ሥራዋ አልጮኸችም፤ ለቀጠሮው ነው የጮኸችው። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ያለው ሁሉ ሰምቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያለችኝን እንዳለችው ልጻፍልሽ፤ አንዲት ቃል የእኔ አይደለም። አይጥ ላይ የሠራ ነገር ትልልቅ እንስሳ ላይ ይሞከራል፤ ከዚያ አዋቂ ሰዎች ላይ፤ ልጆች የሚደርሳቸው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል። ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ ሚጢ ያኔ ትልቅ ሴት ትሆናለች። ደግሞ መድኃኒት የጎበጠ አጥንት አያቀናም። የጎበጠ ጭን በጉብጠቱ ላይ ደጋግሞ ይሰበራል፤ የሚያቀናው ብረቱ ነው። በየጊዜው በደም ሥሯ የሚሰጧትንም መድኃኒት አታቋርጡ፤ አጥንት እንደሚያጠነክር የታወቀው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ከተናገረች በኋላ "ዛሬውኑ ለእህትህ ንገራት" አለችኝ።

ደወልኩ። ባለፈው እሑድ የደወልኩት ለዚያ ነበር። አንቺ ልብስ ልታሰጪ ወጥተሽ ሚጢ ስልኩን አነሳችው። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም፤ "አጎቴ፣ አይጦቹ ዘለሉ?" አለችኝ። "ዘለሉ" አልኳት። "ስንት?" "ብዙ።" "ያቺ እንደኔዋስ?" ስለ ጎባጣዋ፣ አይጦቹ ሲድኑም እንደሚዘሉ፣ አንድ ጊዜ አውርቼላት ነበር። ከሞተች ወር አልፏት ነበር እትዬ። "እሷማ ከሁሉም በላይ!" አልኳት። ሳቀችና "እንግዲያው እኔ አልጋው ላይ ልለማመድ" አለችኝ። "ቆይ፣ ቆይ፣ ገና ነው" እያልኩ ለመንኳት። አንቺ ስትመጪ የእማማን ሳል ጠይቄ ዘጋሁት። እባክሽ አልጋው ላይ እንዳትዘል ጠብቂያት።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህ ነው። ይህ ደብዳቤ በእጅሽ በገባ ማግሥት ሐኪሙ ዘንድ ሂጂ። የሚያደርስልሽ ለዕረፍት የሚመጣ የሥራ ቤታችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሰኔ አሥራ አምስት እደርሳለሁ ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ያሉሽ ቀናት ጥቂት ናቸው። ሐኪሙ ቢቆጣሽ አትመልሺለት። "ወንድሜ ዋሸኝ" በይው፤ እንዲሁ በአጭሩ። ቢጠይቅሽ የአይጥ ሳጥን አጣቢ ነው በይው። ጎረቤትም ቢጠይቅሽ እንዲሁ በይ። ይቅርታ ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። መጀመሪያ ልጅቷን አስገቢያት፤ ከዚያ ደውለሽ የፈለግሽውን ትሰድቢኛለሽ፤ ስልኩን አልዘጋም።

ከአይጦቹ ክፍል ወጥቻለሁ። አሁን የማጥበው ጠርሙስ ነው። ሻምበል በዚያ ሰሞን ከተዛወረበት ወደ ቦታው ተመልሷል። እውነቱን ሲሰማ "እኔኮ ሁለት ቀን እጄን ስረግመው ከረምኩ" አለኝ። ሰላምታውን አሁን በአንገቱ ብቻ ነው የሚሰጠኝ። የሚገባኝን ነው የሰጠኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። እውነቱን ንገሪያት፤ እሷ ካንቺ ይልቅ ታውቀኛለች፤ አትደነግጥም። ጋሼን እጅ ንሺልኝ። ደንበኞቹ "ዶክተሩ እንዴት ነው?" ሲሉት ምን እንደሚመልስ ሲያስብ መርፌ እንዳይወጋው። ውኃ የምታቀብላችሁ የጎረቤት ሴትዮዋን ሰላም በይልኝ።

ለሚጢ ሰላምታ አልልክም። ከቀዶ ሕክምናው ወጥታ ሕመሙ ሲለቃት እደውልና አይጦቹ እንዳልዘለሉ ራሴ እነግራታለሁ፤ ቀድመሽ አትንገሪልኝ። ስልኩን አልይዝም ካለችኝ ግን አታስገድጃት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጎሚስታው በላይ ካለችው ክፍሌ
ሰኔ 11 ቀን